ሲሙሌሽን ላይ ይሠራል፣ ቦርዱ ላይ እምቢ ይላል

የምክር ዓምድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። ተወልጄ ያደግኩት 5 ኪሎ ነው፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ባለፈው ዓመት በኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ተመርቄ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት በኔትወርክ ጥገና እሠራለሁ። ልቤ ያለው ግን ፕሮሰሰር ዲዛይን ላይ ነው። ማታ ማታ ባለ 32 ቢት የሪስክ ፋይቭ (ለማንም ክፍት የሆነ የፕሮሰሰር ትዕዛዞች ስብስብ) ፕሮሰሰር በቬሪሎግ፣ በሰርኪዩት መጻፊያው ቋንቋ፣ ጽፌያለሁ፤ ባለ አምስት እርከን ፓይፕላይን ነው፣ ትዕዛዞች በየእርከኑ እየተቀባበሉ ይሠራሉ። ሲሙሌሽን ላይ የጻፍኳቸውን ፕሮግራሞች በሙሉ ያሄዳል። ከውጭ በመጣ ዘመድ ያስመጣሁት ታንግ ናኖ 9ኬ ቦርድ (የጻፉትን ሰርኪዩት የሚጭኑበት ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ የሚባል ቺፕ ያለው) ላይ ስጭነው ግን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ድርቅ ይላል። የሪሴት (እንደገና ማስነሻ) ቁልፉን ደጋግሜ ስጫን ከአምስት አንዴ ቢነሣ ነው። በቅርቡ አንድ የውጭ ኩባንያ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አድርጎልኝ ነበር። «ፕሮሰሰርሽ ትክክል መሆኑን በምን አወቅሽ?» ሲሉኝ «ፕሮግራሞቼ ይሠራሉ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ጠፋ። አሁን ደግሞ አንድ ባንክ ለዳታ ሴንተሩ በተሻለ ደመወዝ ሊቀጥረኝ ነው፤ እናቴ «እሱን ያዢ» ትለኛለች። የቺፕ ፋብሪካ በሌለበት አገር ሆኜ ይህን ሙያ መያዝ እችላለሁ? ማስተርስስ ልማር? የቦርዱን ነገርም ንገሩኝ።
ከ5 ኪሎ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ከቦርዱ እንጀምር። ቃለ መጠይቁ ላይ የጎደለውና ቦርዱ ላይ የጎደለው ነገር አንድ ስለሆነ የሌሎቹም ጥያቄዎች መልስ ከዚያው ይመዘዛል።

የሎጂክ ስህተት ብዙውን ጊዜ ታማኝ ነው፤ መቶ ጊዜ ብታስኬጂው መቶ ጊዜም እዚያው ቦታ ላይ ይሳሳታል። አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚደርቅ ሰርኪዩት ግን ከጊዜ ጋር የተያያዘ ሕመም አለበት። የሪሴት ቁልፉን በተጫንሽ ቁጥር ዕጣ ፈንታው የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራሱ ሪሴቱ ነው።

ቦርዱ ላይ ያለው ክሎክ (ሰርኪዩቱ የሚራመድበት ምት) 27 ሜጋኸርዝ ነው፤ በየ37 ናኖ ሰከንዱ አንዴ ይመታል ማለት ነው። ጣትሽ ከቁልፉ ላይ የሚነሣው ግን ክሎኩን ጠብቆ አይደለም። ቁልፉ ሲለቀቅ የውስጡ ብረት ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራል፤ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ሪሴቱ ብዙ ጊዜ ገብቶ ይወጣል። የመጨረሻው መለቀቅ የክሎኩ ጠርዝ አጠገብ ላይ ካረፈ ከፍሊፕ ፍሎፖቹ (አንድ አንድ ቢት ከሚይዙት የሰርኪዩቱ ክፍሎች) ከፊሎቹ በዚህ ጠርዝ ከሪሴት ይወጣሉ፣ የቀሩት በሚቀጥለው። ለምሳሌ ፕሮግራም ካውንተሩ (የትዕዛዙን አድራሻ የሚይዘው) ቀድሞ ወጥቶ ከ0 ወደ 4 ሲራመድ፣ «ይህ ትዕዛዝ እውነተኛ ነው» የሚለው የፓይፕላይኑ ቢት ገና በሪሴት ላይ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አድራሻ 0 ላይ ያለው ትዕዛዝ ሳይፈጸም ይታለፋል። በብዙ ፕሮግራም ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ትዕዛዞች አንዱ ስታክ ፖይንተሩን (የፕሮግራሙን ጊዜያዊ ማስቀመጫ የሚያመለክተውን) የሚያሰናዳው ነው። እሱ ከተዘለለ ፕሮሰሰሩ ጥቂት ተራምዶ ሜዳ ላይ ይወድቃል። አንቺ የምታዪው ድርቅታ ይህን ይመስላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የቁልፉን ሽቦ በቀጥታ ለፕሮሰሰሩ አትስጪ። በመጀመሪያ በአንዱ ክሎክ የሚመቱ፣ ተከታትለው የተቀመጡ ሁለት ፍሊፕ ፍሎፖች ውስጥ አሳልፊው። የአንደኛው ውጤት ሲወላውል ለሁለተኛው እስኪደርስ የመረጋጊያ አንድ ሙሉ ክሎክ ያገኛል። ከሁለተኛው የሚወጣውን ምልክት ባለ 19 ቢት ቆጣሪ ይመልከተው፤ ቁልፉ ተጭኖ በታየ ቁጥር ቆጣሪው ወደ 0 ይመለስ፣ ተለቆ ሲታይ ይቁጠር፣ ሲሞላ ይቁም። ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ሪሴት «ቆጣሪው ገና አልሞላም» የሚለው ነው፤ እሱንም አንድ ተጨማሪ ፍሊፕ ፍሎፕ ውስጥ አሳልፈሽ ስጪው። 19 ቢት እስከ 524,288 ይቆጥራል፤ በ27 ሜጋኸርዝ ወደ 19 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፣ ንጥረቱ እስኪበርድ ይበቃል። ቆጣሪው ከ0 እንዲነሣ ካደረግሽው ቦርዱ መብራት ሲያገኝም ያለ ማንም ጣት ራሱን በወጉ ያስነሣል። በዚህ ቦርድ ቁልፎቹ ሲጫኑ 0 እንደሚሰጡ አትርሺ፤ ግልብጡን ረስቶ ፕሮሰሰሩን ለዘለዓለም ሪሴት ውስጥ መተው የተለመደ ነው።

ሲሙሌሽኑ ይህን ለምን አላሳየሽም? ቴስት ቤንችሽ (ዲዛይኑን የሚፈትነው ኮድ) ሪሴቱን አንዴ ብቻ፣ መጀመሪያ ላይ፣ ከክሎኩ ጋር ተስማምቶ ስለሚለቀው ነው። ቦርዱ ላይ ግን ሪሴቱ የሚመጣው ፕሮግራሙ መሐል ነው፤ በሪሴት የማይነካ ሬጂስተር (ዋጋ መያዣ) ካለሽ የድሮውን ዋጋ እንደታቀፈ ወደ አዲሱ ሩጫ ይገባል። ስለዚህ ቴስት ቤንችሽን ለውጪው፦ ፕሮግራሙ እየሄደ በዘፈቀደ በተመረጠ ክሎክ ላይ ሪሴቱን ይጫን፣ ይልቀቅ፣ ፕሮግራሙ ተመሳሳይ ውጤት ይዞ ማለቁን ይፈትሽ። ይህንን አንድ ሺህ ጊዜ ይድገመው። ለአንድ ትንሽ ፕሮሰሰር ላፕቶፕሽ ላይ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

የምትጠቀሚው ሲሙሌተር ቬሪሌተር ከሆነ ሌላም ወጥመድ አለ። ቬሪሌተር 0 እና 1 እንጂ «አይታወቅም» የሚለውን ኤክስ በሚገባ አይዝም፤ መነሻ ዋጋ ያልሰጠሽውን ሬጂስተር እንዳለ 0 አድርጎ ሊያስነሣልሽ ይችላል። በዚህ ምክንያት የረሳሽው ሪሴት ስህተት መሆኑ አይታይም። መነሻ ዋጋዎችን በዘፈቀደ የሚሞላውን አማራጭ አብሪና በተለያየ መነሻ ቁጥር አስኪጂው። ያንኑ ዲዛይን ሌላ ሲሙሌተር በሆነው በኢካሩስ ቬሪሎግም አስኪደሽ የምልክቶቹን ሞገድ በሚያሳየው በጂቲኬ ዌቭ ክፈቺው፤ ኤክሶቹ ቀይ ሆነው ይታያሉ። ከሪሴት በኋላ ፕሮግራም ካውንተሩ ወይም የፓይፕላይኑ መቆጣጠሪያ ቢቶች ላይ ቀይ ካየሽ አግኝተሽዋል።

ሪሴቱ ተስተካክሎም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚሳሳት ነገር ከቀረ ሜሞሪውን እዪ። ሲሙሌሽን ላይ ሜሞሪን እንደ ተራ ድርድር ስትጽፊው አድራሻ በሰጠሽበት ክሎክ ዳታው ይመጣል። የቦርዱ ብሎክ ራም (ቺፑ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ሜሞሪ) ግን አድራሻውን በክሎኩ ጠርዝ ተቀብሎ ዳታውን የሚሰጠው በሚቀጥለው ዙር ነው። 4 ኪሎ ባይት ሜሞሪ 32,768 ቢት ነው፤ በቦርዱ ላይ ያሉት ፍሊፕ ፍሎፖች 6,480 ብቻ ስለሆኑ በፍሊፕ ፍሎፕ ልትሠሪው አትችዪም፣ ብሎክ ራም ግድ ነው። ከሲንተሲስ (መሣሪያው ቬሪሎጉን ወደ ሰርኪዩት ከሚቀይርበት እርከን) በኋላ የሚወጣውን ሪፖርት ከፍተሽ ስንት ብሎክ ራም እንደተያዘ አንብቢ። ዜሮ የሚል ከሆነ አጻጻፍሽን መሣሪያው እንደ ብሎክ ራም አላወቀውም።

ወደ ብሎክ ራም ስትዞሪ ደግሞ አንድ የታወቀ ስህተት ይጠብቅሻል። ከሜሞሪ የሚጭን ትዕዛዝ መጥቶ ቀጣዩ ትዕዛዝ ያንኑ ሬጂስተር ከፈለገ ፓይፕላይኑ አንድ ክሎክ መቆም አለበት። ፕሮግራም ካውንተሩን አቁመሽ የራሙን የማንበቢያ ፈቃድ ክፍት ከተውሽው፣ ራሙ ባለማቆሙ የቆመው ትዕዛዝ በሚቀጥለው ይሸፈናል፤ አንዱ ትዕዛዝ ይጠፋል፣ ሌላው ሁለቴ ይፈጸማል። ሁለቱን በአንድ ምልክት አቁሚያቸው።

ታይሚንጉን፣ ማለትም ምልክቶች በሰዓቱ የመድረሳቸውን ነገር፣ በአጭሩ እንለፈው። በገደብ ፋይሉ ላይ ክሎኩ 27 ሜጋኸርዝ መሆኑን መጻፍሽን አረጋግጪ፤ ካልነገርሽው መሣሪያው ለማን ብሎ ይፈጥናል? ሬጂስተር ፋይሉን በክሎኩ መውረጃ ጠርዝ የምትጽፊ ከሆነ ለዚያ መንገድ ያለሽ 37 ሳይሆን 18.5 ናኖ ሰከንድ መሆኑን አስቢ። ለማጣራት ክሎኩን በቦርዱ ፒ.ኤል.ኤል (የክሎክ ፍጥነት መቀየሪያ) ወደ 9 ሜጋኸርዝ አውርጂው፤ ችግሩ ከጠፋ ታይሚንግ ነው፣ ካልጠፋ ሌላ ነው። ክሎኩን በቆጣሪ ቢት እየከፋፈሉ ማውረድ ግን ይቅርብሽ፤ እንዲያ ያለው ክሎክ በተራ ሽቦ ስለሚጓዝ ለየፍሊፕ ፍሎፑ በተለያየ ጊዜ ይደርስና ሌላ በሽታ ያመጣል። በእውነተኛ ቺፕ ላይ ነገሩ የባሰ ነው። ዳታው ዘግይቶ ከደረሰ ክሎኩን አቀዝቅዞ ቺፑን በርካሽ መሸጥ ይቻላል። ዳታው ፈጥኖ ደርሶ የቀደመውን ካበላሸ ግን ክሎኩን ብታቀዘቅዢውም አይድንም፤ ቺፑ ይጣላል። የመጀመሪያው የሴትአፕ፣ ሁለተኛው የሆልድ ስህተት ይባላል፤ በየቃለ መጠይቁ ሁለቱ የሚጠየቁት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ። «ፕሮግራሞቼ ይሠራሉ» ያልሽው መልስ ለምን እንዳልበቃቸው በፈረንጆቹ 1994 የሆነውን ብታዪ ይገባሻል። የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰርም ፕሮግራሞችን ሁሉ ያሄድ ነበር። ነገር ግን ለማካፈል በሚጠቀምበት ሠንጠረዥ ውስጥ መግባት የነበረባቸው ጥቂት ቁጥሮች ተዘልለው ኖሮ አልፎ አልፎ የማካፈል ውጤቱ ይሳሳት ነበር። ኢንቴል ራሱ ስህተቱ በዘፈቀደ ከሚደረጉ 9 ቢሊዮን ማካፈሎች አንዱ ላይ የሚያጋጥም ነው ብሎ ነበር። ያም ሆኖ ፕሮሰሰሮቹን ለመተካት 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። ሶፍትዌር ቢሳሳት ማሻሻያ ይላካል፤ ሲሊከን ላይ የታተመ ስህተት ግን እዚያው ነው። ስለዚህ የፕሮሰሰር መሐንዲስ የሥራ ቀኑን ሰፊ ክፍል የሚያሳልፈው ዲዛይኑ የት ሊሰበር እንደሚችል በማደን ላይ ነው። ጠያቂዎችሽ ሊሰሙ የፈለጉት ያንን አደን ነበር።

እንዴት እንደሚታደን እንንገርሽ። ስፓይክ የሚባል ነፃ የሪስክ ፋይቭ ማመሳከሪያ ሲሙሌተር አለ። ፕሮሰሰርሽ አንድ ትዕዛዝ በጨረሰ ቁጥር ሦስት ነገር እንዲጽፍ አድርጊ፦ የትዕዛዙን አድራሻ፣ የተጻፈበትን ሬጂስተር፣ የተጻፈውን ዋጋ። ያንኑ ፕሮግራም በስፓይክ አስኪደሽ ሁለቱን መስመር በመስመር አነጻጽሪ፤ መጀመሪያ የተለያዩበት መስመር ላይ ቁሚ። ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲያወጣ ወደ ኋላ ከመቆፈር ይህ ስንት ሌሊት ያድናል። ከዚያ ነፃ የሆኑትን የሪስክ ፋይቭ የሥነ ሕንጻ ፈተናዎች አስኪጂ። እነሱ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ለብቻው በደንብ ይፈትሻሉ፤ ትዕዛዞች ሲጎራበቱ የሚፈጠረውን ጠብ ግን ሁሉንም አያዩልሽም። ለዚያ በዘፈቀደ ትዕዛዝ የሚያመነጭ ፕሮግራም በፓይተን ጻፊ። ሬጂስተሮቹን ከ32ቱ ሳይሆን ከአራት ወይም ከአምስት ብቻ ይምረጥ፤ ያን ጊዜ አንዱ ትዕዛዝ የሌላውን ውጤት ቶሎ ቶሎ ስለሚፈልግ ፎርዋርዲንጉ (ውጤትን ወደ ሬጂስተር ሳይጻፍ ለተከታዩ ትዕዛዝ የሚያቀብለው ክፍል) ይጨነቃል።

ሁለት ስህተቶችን ቀድመሽ ፈልጊ፤ ብዙ የጀማሪ ፕሮሰሰር ውስጥ ይገኛሉ። የመጀመሪያው የሬጂስተር ኤክስ0 ነው። ኤክስ0 ሁልጊዜ 0 ነው። ኤክስ5 ውስጥ 5 አለ እንበል። አንድ ትዕዛዝ ኤክስ5 ላይ 7 ደምሮ ውጤቱን ወደ ኤክስ0 ይጻፍ፣ ተከታዩ ደግሞ ኤክስ0ን ያንብብ። የፎርዋርዲንግ ክፍልሽ «መድረሻውና ምንጩ አንድ ናቸው» ብሎ 12 ካቀበለው ተሳስቷል፤ መነበብ ያለበት 0 ነው። መድረሻው ኤክስ0 ከሆነ ፎርዋርድ አታድርግ የሚል ቅድመ ሁኔታ ጨምሪ። ሁለተኛው ምልክት ጠብቆ ወደ ቀኝ የሚያንሸራትተው ትዕዛዝ ነው። በቬሪሎግ የሦስት ቀስት ምልክቱ የአሉታዊ ቁጥርን ምልክት የሚጠብቀው ቁጥሩ ባለ ምልክት ተብሎ ሲታወጅ ብቻ ነው። ባለ ምልክት ብለሽ አውጀሽውም እንኳ፣ በአንድ የምርጫ አገላለጽ ውስጥ ምልክት ከሌለው ሌላ ቁጥር ጋር ካቀላቀልሽው ቋንቋው ሁሉንም ምልክት አልባ ያደርጋቸዋል፤ አሉታዊው ቁጥር ግዙፍ አዎንታዊ ሆኖ ይወጣል። ውጤቱን ለብቻው በራሱ መስመር አስልተሽ ከዚያ ምረጪው።

ከዚያ ምን እንደተፈተነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጂ። ውጤት ሰጪው ትዕዛዝ ሦስት ዓይነት ነው፦ የሂሳብ፣ ከሜሞሪ የሚጭን፣ ተመላሽ አድራሻ ይዞ የሚዘል። ውጤቱን ከሚቀበለው ትዕዛዝ ያለው ርቀት 1፣ 2 ወይም 3 ነው። ተቀባዩ በመጀመሪያው ምንጭ፣ በሁለተኛው ወይም በሁለቱም ሊቀበል ይችላል። ተቀባዩ ደግሞ የሂሳብ፣ ወደ ሜሞሪ የሚጽፍ፣ ሁኔታ አይቶ የሚዘል ወይም በሬጂስተር የሚዘል ነው። 3 በ3 በ3 በ4 ሲባዛ 108 ሳጥን ይሆናል። በሬጂስተር የሚዘለው ምንጩ አንድ ብቻ ስለሆነ ለእሱ የማይሆኑትን 18 ሳጥኖች ሰርዢ፤ 90 ይቀራሉ። ዘፈቀደው እያንዳንዱን ሳጥን ስንት ጊዜ እንደነካው ቁጠሪ፣ ባዶ የቀሩትን በእጅሽ ጽፈሽ ሙዪ። «በምን አወቅሽ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ሠንጠረዥ ነው።

ለቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ካሽንም (ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነውን ፈጣን ትንሽ ሜሞሪ) አጥኚ፤ በቃል ሳይሆን በስሌት። 32 ኪሎ ባይት፣ ባለ 8 መንገድ፣ መስመሩ 64 ባይት የሆነ ካሽ 64 ረድፍ ይኖረዋል፤ 6 ቢት ለመስመሩ ውስጥ፣ 6 ቢት ለረድፉ። ድምሩ 12 ነው፣ የ4 ኪሎ ባይት የሜሞሪ ገጽ ውስጥ ያለው አድራሻ ደግሞ ልክ 12 ቢት ነው። ስለዚህ የፕሮግራሙ አድራሻ ወደ እውነተኛው የሜሞሪ አድራሻ እስኪቀየር ሳይጠበቅ ረድፉን ማንበብ መጀመር ይቻላል። ብዙ ፕሮሰሰሮች ይህን መጠን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ማስረዳት የምትችል ልጅ ትታወሳለች። በተለያየ ክሎክ መካከል የሚሠራ ፊፎንና (ቀድሞ የገባው ቀድሞ የሚወጣበት የዳታ ወረፋ) በግሬይ ኮድ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ቢት ብቻ በሚለወጥበት አቆጣጠር፣ ለምን እንደሚቆጠርም አትለፊው።

ፋብሪካ የለንም ላልሽው፣ ኤንቪዲያም ኤ.ኤም.ዲም ኳልኮምም የራሳቸው የቺፕ ፋብሪካ የላቸውም። ዲዛይኑን ይጨርሱና በአብዛኛው የታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ ያትምላቸዋል። ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚከብደው ሌላ ነው፦ የሲኖፕሲስና የካደንስ ኩባንያዎች የቺፕ ዲዛይን መሣሪያዎች ፈቃድ ለግለሰብ የማይቀመስ ዋጋ ነው፣ የአዳዲሶቹ ፋብሪካዎች የዲዛይን ሰነድም በምስጢር ውል ይያዛል። ለመማር ግን በፈረንጆቹ 2020 የአሜሪካው ቺፕ አምራች ስካይዋተር ከጉግል ጋር ሆኖ የ130 ናኖ ሜትር ሰነዱን በነፃ ለቆታል። ዮሲስና ኦፕን ሮድ የሚባሉት መሣሪያዎች ከቬሪሎግ ጽሑፍሽ ተነሥተው እስከ ቺፑ ሥዕል ያደርሱሻል። ታይኒ ቴፕአውት የሚባለው ፕሮጀክት ደግሞ የብዙ ሰው ትንንሽ ዲዛይኖችን በአንድ ቺፕ ላይ ሰብስቦ ያሳትማል። አንዱ ቦታ ወደ 1,000 ጌት (ትንሹ የሎጂክ ክፍል) ብቻ ስለሚይዝ የአንቺ ፕሮሰሰር አይገባበትም፤ የሬጂስተር ፋይሉ ብቻውን 1,024 ቢት ነው። በሱ ፈንታ የሴሪያል መገናኛ ወይም ትንሽ ቆጣሪ ብታሳትሚ ይሻላል። መሣሪያዎቹ ተጠቅልለው ሲወርዱ መጠናቸው ትልቅ ስለሆነ በሌሊት ጥቅል አውርጂያቸው፣ ወይም 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ረጅሙን ሩጫ በየእርከኑ ውጤቱን እያስቀመጠ እንዲሄድ አድርጊው፤ አለዚያ ሌሊቱን ሙሉ የሠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ስታመለክቺ ለዲዛይን ብቻ ሳይሆን ለቬሪፊኬሽን (ዲዛይንን የመፈተሽ) የሥራ መደብም አመልክቺ። ብዙዎች ዝቅ ያለ ሥራ ይመስላቸዋል፤ ልክ አይደሉም። ቡድኖች ብዙ ሰው የሚፈልጉት እዚያ ነው፣ አንቺም ስህተቱን እያደንሽ የሰውን ፕሮሰሰር ከውስጥ ታውቂዋለሽ። ሪስክ ፋይቭ ኢንተርናሽናል በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል የሚያካሂደው የሜንቶርሺፕ ፕሮግራምም አለ፤ ከቤትሽ ሆነሽ ልትሠሪው ትችያለሽ።

ማስተርሱ ጥሩ ነው፤ ውጭ አገር ከሆነ ለሥራ ፈቃዱም መንገድ ይከፍታል። ከማመልከትሽ በፊት ግን ለትምህርት ክፍሉ አንድ ጥያቄ ጻፊ፦ ተማሪዎቻችሁ ዲዛይናቸውን እስከ ሕትመት አድርሰው የተመለሰውን ቺፕ ይፈትናሉ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ስሙ ባይገንም ይመረጣል። የማመልከቻ ክፍያ በዶላር ስለሚጠየቅ ነፃ እንዲያደርጉልሽ በግልጽ ጠይቂ፤ ጠይቀው የተፈቀደላቸው አሉ።

ስለ ባንኩ፣ እናትሽ ያሉት ክፉ አይደለም። ሊኑክስ፣ ስክሪፕትና የሰርቨር አያያዝ ትማሪበታለሽ፤ የቺፕ መሐንዲስም ቀኑን ሙሉ የሚውለው ሊኑክስ ላይ ነው። ደመወዙም ለቦርድና ለፈተና ክፍያ ያስፈልግሻል። ከመፈረምሽ በፊት የፈረቃውን ነገር በጽሑፍ እንዲያሳውቁሽ ጠይቂ። በሳምንት አራት ምሽት ሁለት ሁለት ሰዓት የሚተርፍልሽ ከሆነ ያዢው። የሌሊት ፈረቃ እየተፈራረቀ የሚመጣ ከሆነ አሁን ያለሽበት ቆዪ፤ ሠንጠረዡ እስኪሞላ ድረስ ምሽቶችሽን ለማንም አትስጪ።